ሆዱን የማይናገር ልጅ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር ኮሚቴው ጠርቶን «ስለ ልጃችሁ ሁኔታ ለአባላቱ ብታስረዱ ምን ይመስላችኋል?» ሲለን መጀመሪያ ደንገጥ ብለን ነበር። በቤት ውስጥ ያለን ጉዳይ አደባባይ ማውጣት በአገራችን ልማድ እንደ ነውር ይቆጠራል፤ የሆድን በሆድ ይባላል። ቤት ገብተን ባልና ሚስት ስንመካከር ግን ነገሩ የተደበቀ መስሎን እንጂ ተደብቆ እንደማያውቅ ተገነዘብን። ልጃችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድንኳን በተተከለ ቁጥር ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ የሚጮኸው እሱ ነው። ደግሞም እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ቤት የእኛ ብቻ አይደለም። ስም አንጠራም፤ ባለቤቶቹ ያውቁታል። በጋይንትም ሆነ በስማዳ፣ በእስቴም ሆነ እታች ደብረ ታቦር፣ ጓዳ ውስጥ የሚውሉ ልጆች አሉ። ስለዚህ እንናገር ብለን ተስማማን።

ኦቲዝም ስለሚባለው ነገር በአጭሩ እንበል፤ በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አንፈጅም። ኦቲዝም በመርፌ የሚድን ደዌ አይደለም። የልጁ አንጎል ገና ከማለዳው የሚያድግበት መንገድ ከብዙው ሰው የተለየ መሆኑ ነው። ድምፅ፣ ሽታ፣ ብርሃን፣ የልብስ ሻካራነት ለእኛ ምንም ያልሆነው ለእሱ ይከብደዋል፤ ከሰው ጋር መነጋገሩም እንደዚሁ። ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ነገሩን ለሕክምናው ዓለም አስታወቀ። በአገራችን ደግሞ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስለነበረበት እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቋሙ። ሴትዮዋ በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ነፍስ ይማር። እርሳቸው በየመድረኩ እየቆሙ «ልጄ እንዲህ ነው» ባይሉ ኖሮ እኛም ዛሬ እዚህ ለመቆም ወኔው አይኖረንም ነበር።

አሁን የመጣንበትን ጉዳይ እናንሣ። የመጣነው ስለ ሆድ ልንናገር ነው። ካነር ስለነዚያ 11 ልጆች ሲጽፍ አንዳንዶቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ መብላት አስቸግሯቸው እንደነበረ አስፍሯል። ቀደም ሲል የተደረጉትን ጥናቶች አሰባስቦ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጽሑፍም ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ልጆች ይልቅ በ4 እጥፍ ያህል የሆድ ዕቃ ችግር እንደሚታይባቸው ይገልጻል። ድርቀትና ተቅማጥ ከ3 እጥፍ በላይ፣ የሆድ ቁርጠት ከ2 እጥፍ በላይ ነው የሚለው። እኛ ይህን ሁሉ ያወቅነው ልጃችን ከተሠቃየ በኋላ ነው።

ልጃችን አሁን 17 ዓመቱ ነው። ጥቂት ቃላት አሉት፤ «ውሃ»፣ «ውጭ»፣ «ዳቦ»፣ «በቃ» ይላል። «አመመኝ» የምትለዋ ቃል ግን ከነዚህ ውስጥ የለችም። መከራችን ሁሉ የመጣው ከዚህች የተነሣ ነው።

7 ዓመት ሲሆነው ጠባዩ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይነሣና ይጮኻል። ራሱን በጡጫ ይመታል። ሆዱን ከመደቡ ጠርዝ ላይ ያደርግና በሙሉ ክብደቱ ይጫናል። እናቱ ልታቅፈው ስትቀርብ ይነክሳታል። ቀን ቀን ደግሞ ቀጭን ፈሳሽ እያመለጠው ልብሱ ይበላሻል። በቀን አራት አምስት ጊዜ ስታጥብ እጇ ተላጠ።

ምን ያላደረግነው ነገር አለ! ጎረቤት ሁሉ አዝኖልን እየመጣ የመሰለውን ይነግረን ነበር፤ በክፋት አይደለም። «ቡዳ በልቶት ነው» ሲሉን የጫማ ቁራጭ አጨስን፤ ልጁን በጋቢ ሸፍነን ጢሱ ላይ ያዝነው። ዛሬ ስናስበው እናፍራለን። የወጥ ሽታ እንኳ የሚያስመልሰውን ልጅ ነበር በጢስ ያፈንነው። «ጥጋብ ነው፣ አለንጋ ይቅመስ» ያሉም አልጠፉም። ይህንንም፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ ሞከርነው።

ጤና ተቋምም ሳንሄድ ቀርተን አይደለም። አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ወሰድነው። «ተቅማጥ ይዞታል» ብለን ስለተናገርን ሦስቱንም ጊዜ የአሜባና የወስፋት መድኃኒት ተሰጥቶን ተመለስን። ልጁ ስለሚጮህ ሆዱን የዳሰሰው ሰው አልነበረም። ባለሙያውም «የነዚህ ልጆች ጠባይ እንዲህ ነው፤ ትለምዱታላችሁ» አለን። እኛም እውነት መሰለንና ወደ መልመዱ ገባን።

አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው ሌላ ከተማ ወስደን አንድ ሐኪም ያገኘነው። ሐኪሙ ልጁን አልጋ ላይ አስተኛ ብሎ አልታገለውም። ራሱ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። የልጁን እጅ ያዘና በልጁ በራሱ እጅ ላይ እጁን ደርቦ ሆዱን ቀስ እያለ ዳሰሰው። ከዚያ እኛን «እስቲ እናንተም ንኩት» አለን። ከእምብርቱ በታች በግራ በኩል ድንጋይ የመሰለ ነገር ነበረ። «ይህ ልጅ ተቅማጥ የለበትም፤ ያለበት ድርቀት ነው» ሲለን ያሾፈብን መሰለን። በየቀኑ ልብሱን የምናጥብ ሰዎች ነና!

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በደንብ ስሙን። የመስኖ ቦይ በትልቅ ድንጋይ ሲዘጋ ውሃው ጨርሶ አይቆምም፤ በድንጋዩ ጎንና ጎን እየሾለከ ይወርዳል። አንጀትም እንደዚሁ ነው። ዐይነ ምድሩ ብዙ ቀን ሳይወጣ ሲቀር ውሃው እየተመጠጠ ይደርቃል፣ ይከማቻል፣ አንጀቱን ይለጥጠዋል። ከላይ የሚመጣው ፈሳሽ ደግሞ በደረቀው ዙሪያ ሾልኮ ያመልጣል። ልጁ አይታዘዘውም፤ እንዲያውም አይሰማውም። ከውጭ ለሚያየው ሰው ተቅማጥ ነው። እኛም ተቅማጡ እንዲቆምለት ብለን በሶ እናበላው፣ ውሃ እንቀንስበት ነበር። በድንጋዩ ላይ ድንጋይ ጨመርንበት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ ሐኪሞች ተሰብስበው የተስማሙበት ጽሑፍ ወጥቷል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሆዱን ሲያመው እንደማንኛውም ልጅ ተመርምሮ መታከም አለበት፤ ራሱን መምታቱ፣ መናከሱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ የሕመሙ ብቸኛ ምልክት ሊሆን ይችላል ይላል። «ጠባዩ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ነገር የልጁ ንግግር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሆዱን በጠርዝ የሚጫን፣ ሲበላ ቆይቶ በድንገት ማዕዱን የሚገፋ፣ ጀርባውን ወደ ኋላ የሚለጥጥ፣ ያለ ምክንያት ሌሊት የሚነሣ ልጅ ስታዩ መጀመሪያ ሆዱን ጠርጥሩ። ጥርስና ጆሮም እንዲሁ ይታዩ። ደም የቀላቀለ ዐይነ ምድር፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ አረንጓዴ ትውከት፣ ያበጠና የጠነከረ ሆድ፣ ትኩሳት ወይም መክሳት ካለ ግን ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል ብለን ጠየቅን። መልሱ አንድ አይደለም። አንዱ ምግቡ ነው። ልጃችን ያን ጊዜ የሚበላው ነጭ የስንዴ ዳቦ፣ የተላጠ ድንችና ወተት ብቻ ነበር። ቅልልቦሽ ስለሆነ አይደለም። ወጥ የነካው እንጀራ ምላሱ ላይ እንደ ትል ይሆንበታል መሰለን። ጉና ሥር ተቀምጠን ገብስና ባቄላ ሞልቶን ልጁ ገለባ ያለው ነገር በአፉ አይዞርም። ሁለተኛው የውስጥ ስሜት ነው። ከኦቲዝም ጋር አድገው መናገር የቻሉ ሰዎች እንደሚያስረዱት፣ አንዳንዶቹ መራባቸውን፣ መጠማታቸውን፣ ሽንት ቤት መሄድ መፈለጋቸውን በጊዜው አይለዩትም፤ ወይም አንድ ነገር እንደሚሰማቸው ያውቁና ምን እንደሆነ ይጠፋቸዋል። ለጠባይ ማረጋጊያ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹም ድርቀት ያመጣሉ። ሐኪሙን ሳትጠይቁ ግን አታቋርጡ።

ሦስተኛው እንኳ ለመናገር ይከብዳል፤ ግን ካልተነገረ ምን ዋጋ አለው? ሽንት ቤታችን ነው። እስቲ በልጁ ዓይን እዩት። ጨለማ ነው፣ ይሸታል፣ ዝንብ ፊት ላይ ያርፋል፣ እንጨቱ ይነቃነቃል፣ ከሥሩ ጉድጓድ ነው። ከተማችን ነፋስ መውጫ የተባለችው ያለ ነገር አይደለም፤ ብርዱ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሲያፏጭ ትልቅ ሰው ያስፈራል። ልጃችን አንድ ቀን ፈራ፤ ከዚያ ያዘው። መያዝ ልማድ ሆነ፣ ልማዱ አደረቀው፣ የደረቀው ሲወጣ አሳመመው፣ ሲያመው የባሰ ያዘው።

ሐኪሙ የሰጠን የሚያለሰልስ ሽሮፕ ነበር። መጀመሪያ የተከማቸውን ለማስወጣት ብዙ፣ ከዚያ እያነሰ ለወራት የሚወሰድ። እኛ ምን አደረግን? በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ሲስቅና ሲተኛ ስናይ «ዳነ» ብለን ተውነው። በወሩ ተመለሰበት። የተለጠጠ አንጀት ወደ ልኩ ለመመለስ ወራት እንደሚፈልግ ሐኪሙ ነግሮን ነበር፤ አልሰማንም። ሁለተኛ ጊዜ ስንጀምር ስምንት ወር ሙሉ ሰጠነው።

ሽንት ቤቱን አባቱ አደሰው። ወለሉን በሲሚንቶ ለሰነው፣ ብርሃን የሚያስገባ ላስቲክ ከጣራው ላይ አደረግን፣ የሚይዘው እንጨት ተከልንለት። ጠዋት ቁርሱን በልቶ ሲጨርስ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይዘነው እንሄዳለን። ምግብ ሆድ ሲገባ አንጀት በራሱ ይንቀሳቀሳልና ጊዜው ያ ነው። አምስት ደቂቃ ይቀመጣል፤ ወጣም አልወጣም አንቆጣም። መቀመጥ የሚለውን በቃል ብንነግረው ስለማይገባው እናቱ የሽንት ቤቱን ሥዕል በካርቶን ላይ ሥላ ታሳየዋለች። አሁን ራሱ ካርቶኑን አንሥቶ ያመጣልናል። ያን ካርቶን ያመጣ ዕለት ቡና አፍልተን ጎረቤት ጠርተናል፤ ምክንያቱን ግን ያን ጊዜ አልተናገርንም ነበር።

ውሃውን በአንድ ቢጫ ኩባያ እየለካን በቀን አምስት ጊዜ እንሰጠዋለን። ሌላ ኩባያ አይቀበልም። ተልባ ተወቅጦ፣ ፈልቶና ተጣርቶ በወተቱ ውስጥ ገባ፤ መጀመሪያ በሻይ ማንኪያ ጫፍ፣ ከዚያ ግማሽ ማንኪያ እያልን። ተልባን ያለ በቂ ውሃ መስጠት የባሰ ያደርቃል፤ ይህን አትርሱ። ዳቦው ላይ የገብስ ዱቄት በጣት ቆንጥረን ጀመርን፤ ከስድስት ወር በኋላ ግማሽ በግማሽ ደረሰ። ምግብ ስንጨምር አንድ በአንድ ነው፤ አዲሱን ከሚወደው አጠገብ እናስቀምጥና እንተወዋለን። አንዳንዱን ለመንካት ሁለት ወር ይፈጅበታል። ኮሶና መተሬ አጠጡት የሚል ምክር ግን አንቀበልም። ልኩ ያለፈ ኮሶ ይመርዛል፤ «ራሴን አዞረኝ» ሊል ለማይችል ልጅ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ስልክ እየደወሉ «ስንዴና ወተት ከልክሉት፣ ኦቲዝሙ ይለቀዋል» ይሉናል። ነገሩ በስንዴና በገብስ ውስጥ ስላለው ግሉተን ስለሚባል ነገር ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም። ጤፍ ከኦቲዝም የሚያድን ቢሆን ኖሮ በእስቴና በስማዳ ቆላ ጤፍ እየበሉ ካደጉት ልጆች መካከል ኦቲዝም ባልኖረ። ስንዴው በውነት አንጀቱን የሚጎዳው ልጅ አለ፤ ያም በምርመራ ይታወቃል። እንዲያው በስሚ ግን ሦስት ምግብ ብቻ ከሚበላ ልጅ ሁለቱን ብትነጥቁት የሚተርፈው ረሃብ ነው። ይህ ምግብ መከልከል ኦቲዝምን ስለ መለወጡ በተደረጉት ሙከራዎች አስተማማኝ ማስረጃ አልተገኘም።

ከዚህ የከፋም ወሬ አለ። አንድሩ ዌክፊልድ የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ 12 ልጆች ጽፎ የኩፍኝ ክትባትን ከአንጀት ሕመምና ከኦቲዝም ጋር አያያዘው። ጽሑፉ ሐሰት ሆኖ ስለተገኘ ላንሴት የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2010 ሰረዘው፤ ሰውዬውም በዚያው ዓመት ከሐኪምነት መዝገብ ተፋቀ። ወሬው ግን አልተፋቀም፤ በስልክ እየዞረ እኛ ዘንድ ደርሷል። ኩፍኝ በዚህ አገር ስንት ሕፃን እንደቀበረ ይህ እድር ያውቃል። የልጃችንን ታናሽ እህት ያለማመንታት አስከትበናል።

ጠበልን የምንነቅፍ ሰዎች አይደለንም። ወስደነዋል፤ ዛሬም እንወስደዋለን። ነገር ግን የሆዱን ነገር ካወቅን ወዲህ ካህኑን አማክረን በባዶ ሆዱ ብዙ እንዲጠጣ አናደርግም፤ መድኃኒቱንም አናቋርጥም። ስለ ጾሙም የንስሐ አባታችንን ጠየቅናቸው። «ጾም ለጤነኛ ነው፤ የታመመን ልጅ ወተት የሚነጥቅ ማነው?» አሉን። አነጋገራቸው ቆጣ ያለ ነበር፤ እኛን ግን አሳረፈን። (መቼም የድጓ ምስክር ከሆነችው ከቤተልሔም አገር ሰዎች ነንና አንድ ነገር እንጨምር፤ ይህ ድምፅ የሚፈራ ልጅ ማኅሌት ሲቆም ያለ ማጉያ ከሆነ ከግድግዳው ተጠግቶ ሌሊቱን ሙሉ ይሰማል። ማጉያው ሲከፈት ይሮጣል።)

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን በገባ ጊዜ የሆነውን እናንተም አትረሱትም። የእኛ ልጅ በዚያ ሳምንት ዳቦ አጣ፣ ቢጫ ኩባያው ተሰበረ፣ ከተኩሱ የተነሣ ከአልጋ ሥር አልወጣም። ስምንት ወር የደከምንበት በዘጠኝ ቀን ፈረሰ። እንደገና ከሀ ጀመርን። መድኃኒቱ ባልተገኘበት ጊዜ ተልባውና የጧቱ ልማድ ናቸው ያቆዩት። ከዚያ ወዲህም መንገድ በተዘጋ ቁጥር የምናስበው መጀመሪያ ስለ ሽሮፑ ነው፤ የሁለት ወር አስቀድመን እንይዛለን። እናንተም ያዙ።

እንግዲህ ከእድሩ የምንፈልገውን እንናገርና እንቀመጥ።

ጥሩምባ ነፊያችን ከመንፋቱ በፊት በራችንን አንኳክቶ ቢያልፍ ልጁን ወደ ጓሮ ቤት እናስገባዋለን። ጎህ ሳይቀድ በድንገት የተነፋ ዕለት ሦስት ቀን ሆዱ አይሠራም፤ ጭንቀት አንጀትን ይይዛልና። ድንኳን ስንመጣ ደግሞ ንፍሮ አታጉርሱት። ፍቅር መሆኑ ይገባናል፤ እማማዎቻችን «ቅመስልኝ የኔ ጌታ» እያሉ አፉ ድረስ ሲያመጡለት አንጀታችን ይላወሳል። ለእሱ ግን የሰው እጅ ወደ አፉ ሲመጣ ጥቃት ነው። ድንቹን በኪሱ ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛ የቅጣቱን ነገር ነው። በደንባችን መሠረት የወጥ ቤት ተረኛ ሆና የቀረች ሴት ትቀጣለች። እናቱ ባለፈው ዓመት ስድስት ጊዜ ተቀጥታ ከፍላለች። ገንዘቡ አይደለም የከበደን፤ ስሟ በስብሰባ ላይ ከዳተኞች ጋር መነበቡ ነው። ልጁን ለሰው ትታ መውጣት አትችልም፤ ሌላ ሰው ሽንት ቤት ሲያስገባው ይይዘዋል። እንጀራውን ግን ቤቷ መጋገር ትችላለች። እድሩ ጤፉን ይላክላት፣ ሠላሳም ይሁን አርባ ጋግራ ትልካለች፤ ይህም እንደ ተራ ይቆጠርላት። እንዲህ ያለ ልጅ ላላቸው ለሌሎቹም እናቶች ይህ በደንቡ ውስጥ እንዲገባ እንጠይቃለን።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደን ነው። እኛ ብንሞት ትቀብሩናላችሁ፤ በዚህ ጥርጥር የለንም። ልጁ ሲያመው ግን ማን ያውቅለታል? ሌሊት የምንነጋገረው ይህንኑ ነው። ስለዚህ አንድ ደብተር ጽፈናል። ምን እንደሚበላ፣ በየትኛው ኩባያ እንደሚጠጣ፣ የመድኃኒቱ ስምና ልክ፣ ጧት በስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ፣ ሲያመው ምን እንደሚያደርግ ተጽፎበታል። አንዱን ቅጂ ለእህቱ ሰጥተናል። ሁለተኛው በእድሩ ሣጥን ውስጥ ከአባላት መዝገብ ጋር እንዲቀመጥልን ጸሐፊያችንን ለምነን እሺ ብለውናል። በየዓመቱ መስከረም ላይ እየመጣን የተለወጠውን እናርማለን።

ደብተሩ ይኸው። የቅጣቱን ጉዳይ ዛሬ በእጅ ድምፅ እንድትወስኑልን መድረኩን ለዳኛችን መልሰናል።